ሊንጉስቲክስና ፍልስፍናን አብሮ መማር፦ ከሀዋሳ የተነሳ ጥያቄና 30 መልስ

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። የምጽፈው ከሀዋሳ፣ ከአቶቴ ሰፈር ነው። ታናሽ እህቴ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት የምትመርጥበት ጊዜ ደርሷል። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሊንጉስቲክስ (የቋንቋ ጥናት) እና ፍልስፍና። አንዱን ያዥ፣ አንዱን ተይ ብትባል አሻፈረኝ ብላለች።

ይህ ፍላጎት ከየት መጣ ለሚል ሰው ያደገችበትን ሰፈር ማየት ይበቃል። እኛ ቤት የሚወራው አማርኛ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሲዳምኛ፣ ፊት ለፊታችን ደግሞ ወላይትኛ አለ። ገና በልጅነቷ ከየትኛው ልጅ ጋር በየትኛው ቋንቋ መጣላት እንዳለባት ታውቅ ነበር። ፍሬሽማን ላይ ደግሞ ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ደረሳት። ጓደኞቿ ለፈተና አጥንተው የተዉትን እሷ ቤት ድረስ ይዛው መጣች። አባታችን አንድ ነገር ሲናገር መደምደሚያው ከመነሻው አይከተልም ብላ ትሟገተዋለች። እሱም ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

እኔም ከእሷ ጎን ነኝ። ሁለቱ ትምህርቶች የሚያሳድዱት ጥያቄ አንድ ነው ባይ ነኝ። ሰው ሲናገር ምን እያደረገ ነው? ከአፍ የወጣ ድምፅ እንዴት ሆኖ ሐሳብ ይይዛል? ሊንጉስቲክስ ብቻ የተማረ ሰው ግሡን ከነቅጥያው ፈታትቶ ያሳያችኋል። ትርጉም ራሱ ምንድን ነው ስትሉት ግን እሱን ፈላስፋ ጠይቁ ይላል። ፍልስፍና ብቻ የተማረው ደግሞ ስለ ትርጉም ሲያወራ ይውላል፤ ምሳሌዎቹ ግን በሙሉ እንግሊዝኛ ናቸው። ከ80 በላይ ቋንቋ የሚነገርበት አገር ተቀምጦ በሰው ምሳሌ ብቻ መፈላሰፍ ያስቆጫል።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሁለቱን አብሮ መማር የሚቻልበት መንገድ አለ ወይ? ከሌለስ የትኛው ይቅደም? ያለፋችሁበት ሰዎች እባካችሁ አካፍሉን።

(መልሱ እየበዛ ሲሄድ አዲስ የሚመጣ ሰው እንዳይቸገር ብዬ ከዚህ በታች በተራ ቁጥራቸው ጠቅለል አድርጌ አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት ጨምሬበታለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ የአንድ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ትሕትና የተሞላበት ነው። ለእህቴ መልካም ምኞቱን ገልጾ ወዲያው ወደ ፍሬ ነገሩ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ለማለፍም 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ፈተናው የሚሰጠው ደግሞ በአንድ የትምህርት መስክ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ አንዱን መያዝ ግድ ነው ይላል። ሁለተኛውን በምርጫ ኮርስና በግል ንባብ መከታተል እንደሚሻልም ይመክራል። ለጥያቄዬ የተሰጠው ቀጥተኛ መልስ ይህ ነው። ውይይቱ ግን እዚህ አላበቃም።

መልስ 2

አንድ አባት ጻፉ። ልጅ ያስተማሩ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ሁለቱንም ትምህርቶች እንደሚያከብሩ ከገለጹ በኋላ ልጅቷ ምን በልታ ትኖራለች ብለው ጠየቁ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አነሱ። እዚያ ለአካውንታንትና ለኢንጂነር ቦታ ሲወጣ አይተዋል፤ ለፈላስፋ የወጣ ማስታወቂያ ግን በዓይናቸው አላዩም። አካውንቲንግ ብትገባና የምትወደውን በትርፍ ሰዓቷ ብታነብ ይላሉ። ሐሳባቸውን አልጋራውም፤ ጭንቀታቸው ግን የብዙ ቤት ጭንቀት ነው።

መልስ 3

ይህኛው ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም አንቱ እያልን ነው የመለስንላቸው። እሳቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ሜጀርና ማይነር (ዋናና ተጓዳኝ ትምህርት) የሚባል ነገር ነበር። ሜጀራቸው ቋንቋ፣ ማይነራቸው ፍልስፍና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ከካናዳ መጥተው ለአሥርት ዓመታት ፍልስፍና ያስተማሩት ኢየሱሳዊው ቄስ ክሎድ ሰምነር ክፍል ገብተዋል። ጠዋት ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1892 ያነሳውን ጥያቄ ይማራሉ፤ የንጋት ኮከብና የምሽት ኮከብ አንድ ከሆኑ፣ አንድ ናቸው ማለት እንዴት አዲስ ዕውቀት ሊሆን ይችላል የሚለውን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሌላ ክፍል የአማርኛን ቅጥያ ይተነትናሉ። የጠዋቱ ጥያቄ ከሰዓት በኋላ ደብተራቸው ላይ እየገባ ያስቸግራቸው እንደነበር ጽፈዋል። የተማርኩት ያን ጊዜ ነው ይላሉ።

መልስ 4 እና 5

4 ላይ አንድ ወጣት መምህሩን በአክብሮት አረመ። እሱ በተማረበት ዘመን ማይነር የሚባል ነገር በስም እንጂ በተግባር አላየም፤ የአሁን ልጆች በድሮ መንገድ ሊመከሩ አይገባም ባይ ነው። ትክክል ነው።

5 ግን አከረረው። ሁለቱም ትምህርቶች ወሬ ናቸው፤ ወሬ ለመማር ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሻይ ይዞ መቀመጥ ይበቃል ብሎ ወረደባቸው። አገሪቱ የሚያስፈልጋት ሐኪምና መሐንዲስ ነው አለ። ከዚህ በኋላ የውይይቱ ድምፅ ተቀየረ።

መልስ 6

አንዲት የሕግ ተማሪ 5ን አልማረችውም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 ሃርቫርድ ላይ የሰጠውንና ከሞተ በኋላ በ1962 የታተመውን ትምህርት አነሳች። ሐሳቡ ቀላል ነው። ንግግር ነገርን መግለጫ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ድርጊት ነው። ዳኛ ፈርጃለሁ ሲል ፍርዱ ያን ጊዜ ይሆናል። ሽማግሌ ሲመርቅ፣ እናት ስትራገም፣ ምስክር ሲምል፣ ሰው ቃል ሲገባ ዓለም ላይ የሆነ ነገር ይለወጣል። 5 ራሱ ካገባ፣ ትዳሩ የቆመው በተናገረው ቃል እንደሆነ አስታወሰችው። እሱ ወሬ የሚለው ነገር ሰውን እስር ቤት ያስገባል፣ ቤት ያሸጣል፣ ያፋታል። ቋንቋውን ሳይመረምሩ ፍርድ ቤት መቆም እንዴት ይቻላል የሚል ጥያቄ ጥላለት ሄደች።

መልስ 7

እሷን ደግፎ የመጣው ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ የጻፈ ይመስላል፤ አጭር ነው። ለማኝ እጁን ሲዘረጋ እግዜር ይስጥህ የምንለውን አነሳ። ሲሰማ ምርቃት ነው። ለማኙ የሚረዳው ግን ዛሬ ካንተ አላገኝም የሚለውን ነው። ቃሉ ይህን አይልም፤ መልእክቱ ግን ይደርሳል። ፖል ግራይስ የተባለው ፈላስፋ የተባለውንና የተፈለገውን ለይቶ ያጠናው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ሊንጉስቲክስ ክፍል ውስጥም ይማሩታል። ለሁለቱ መስኮች ዝምድና ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላየሁም።

መልስ 8

ሀዋሳ ተወልዳ ውጭ አገር የምትማር ልጅ ጻፈች። አሜሪካ ባለው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሊንጉስቲክስና ፍልስፍና አንድ የትምህርት ክፍል ናቸው። ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲም ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ዲግሪ ያስተምራል። ታዲያ ማስጠንቀቂያም አላት። ብዙ ሰው ፍልስፍና ነው ብሎ ለውይይት ተዘጋጅቶ ይገባና ሒሳብ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ሞንታግ የተባለው የሎጂክ ሊቅ ሰው የሚናገረውን ቋንቋ ልክ እንደ ሎጂክ ቋንቋ በቀመር መተንተን ይቻላል ብሎ ከተነሳ ወዲህ፣ የትርጉም ጥናት ሴት ቲዎሪ (set theory) የሚባለውን የስብስብ ሒሳብና ሎጂክ ይጠይቃል። እህትሽ ከሒሳብ ሸሽታ ሶሻል የገባች ከሆነ ከአሁኑ ትዘጋጅ ብላለች። (እኔ ወንድሟ ነኝ። ምክሩ ግን ደርሷል።)

መልስ 9 እና 10

9 ላይ አንድ ተማሪ ከርዕሱ ጋር የማይገናኝ ነገር ይዞ ገባ። የምደባ ውጤት የሚታይበት ሊንክ አልከፈትልኝ አለ፣ ምን ላድርግ ነው ጥያቄው። 10 ላይ ሌላው ተቆጣው፤ እዚህ ቁም ነገር እየተወራ ስለ ሊንክ ትጠይቃለህ ዓይነት ነው። ቁጣው አያስፈልግም ነበር።

መልስ 11

ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፈው አንድ የሊንጉስቲክስ ማስተርስ ተማሪ ነው። ተቆጪውን አልፎ፣ ቁም ነገሩ ያለው ልጁ ጥያቄ ውስጥ ነው ብሎ ጀመረ።

አልከፈትልኝ አለ። ሁላችንም በየቀኑ የምንለው ነው። በሩ አልከፈት አለ፤ መኪናው አልነሳ አለ፤ ስልኬ አልሠራ አለ። ግሡን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት ይላል። ስለ እሱ ቢሆን አይከፈት፣ ስለ አንተ ቢሆን አትከፈት እንል ነበር። አልከፈት የሚለው መልክ የመጀመሪያ መደብ ነው፤ የእኔ ነው። ታዲያ እዚህ ላይ እኔ የተባለው ማን ነው? ልጁ አይደለም። ሊንኩ ነው። አሁን ወደ ግሡ መጨረሻ ሂዱ። ልኝ የሚል ቅጥያ አለ። እሱም የመጀመሪያ መደብ ነው፤ ይህኛው ግን ሊንኩ ሳይሆን ውጤቱን ማየት የፈለገው ልጅ ነው። አንድ ግሥ ውስጥ ሁለት እኔ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሊንኩ፣ አንዱ ተማሪው።

ከዚህ ወደ ፍልስፍናው ተሻገረ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጽፎት በ1989 በታተመ ሥራው፣ እኔ የሚለው ቃል የሚያመለክተው ምንጊዜም አሁን እየተናገረ ያለውን ሰው ነው አለ። ይህን ወደ ሌላ ሰው የሚያዞር መሣሪያ በእንግሊዝኛ የለም፤ እንጨምር ብንልም አይቻልም አለ። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ጭራቅ ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለ ተመራማሪ ጭራቁ አለ ብሎ ተነሳ። ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ አማርኛ ነበር። ጆን ጀግና ነኝ ይላል የምትል ዓረፍተ ነገር ወሰደ። እኛ ስንሰማት ጀግና የተባለው ጆን ራሱ እንደሆነ ወዲያው ይገባናል፤ እንግሊዝኛ ግን ይህን ለማለት እኔን ትቶ እሱ ማለት አለበት። ጽሑፉ የወጣበት መጽሔት ስሙ ሊንጉስቲክስ ኤንድ ፊሎሶፊ ነው።

አንድ ትልቅ የፍልስፍና ክርክር የተናጋው በየቀኑ በምንናገረው አማርኛ ነው ማለት ነው። ያንን ያየው ግን ቋንቋው የኛ የሆነ ሰው አይደለም። እህቴ ሁለቱን አብራ ትማር የምለው ለዚህ ነው። ግሡን መፍታት የሚችል ሰው የካፕላንን ክርክር ካላወቀ፣ አልከፈትልኝ አለ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደያዘ አይታየውም። ካፕላንን ያነበበም ግሡን መፍታት ካልቻለ አፉ ላይ ያለውን ማስረጃ ሳያውቀው ይኖራል።

መልስ 12 እና 13

12 ላይ የሊንኩ ባለቤት ተመልሶ አመሰገነ፤ ሊንኩ ግን አሁንም እንዳልተከፈተለት ጻፈ። 13 ላይ አንድ ደግ ሰው ሌሊት ሰው ሲቀንስ እንዲሞክር ነገረው።

መልስ 14፣ 15 እና 16

14 በቀላሉ የሚያምን ሰው አይደለም፤ ጥሩ አደረገ። ይህ ሁሉ ተራ ጥቅስ ነው ብሎ ተከራከረ። አማርኛ የሰውን ንግግር እንዳለ አስቀምጦ መጨረሻው ላይ አለ ይላል፤ እኔ የሚለውም የተጠቀሰው ሰው እኔ ነው፤ ጭራቅ ምናምን ማለት ነገር ማክበድ ነው። ቃናው ትንሽ ሸካራ ነበር፤ ክርክሩ ግን የተማረ ሰው ክርክር ነው።

15 ላይ የማስተርሱ ተማሪ መለሰለት። ጥቅስ ከሆነ ግሡ በሙሉ የሊንኩ ንግግር መሆን አለበት። እንዲያ ከሆነ ልኝ የሚለውም ሊንኩን ማመልከት ነበረበት፤ ሊንኩ ግን ለራሴ አልከፈትም እያለ አይደለም። ግማሹ ግሥ የሊንኩ፣ ግማሹ የተናጋሪው ከሆነ ጥቅስ ብቻውን አያስረዳውም። 14 ይህን አንብቦ፣ አስቤበት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም፤ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

16 ጨመረበት። አማርኛ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ተመራማሪዎች ቱርክ ውስጥ የሚነገረው ዛዛኪ ላይም ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። እኛ ብቻ ነን ብሎ መኩራራት አይገባም፤ ይልቅ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በሐዲይኛ እንዴት እንደሚባል ሰብስቦ ማወዳደር አንድ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል አለ።

መልስ 17

የ16ን ጥሪ የሰማች አንዲት የሲዳምኛ መምህርት ጻፈች። ሲዳምኛ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ሴማዊ ነው። ቢሆንም ዝም አለ፣ ብድግ አለ እንደምንለው ሲዳምኛም ማለት የሚለውን ግሥ ከሌላ ቃል ጋር አጣምሮ አዲስ ግሥ ይሠራል። ጎረቤትነት ቋንቋን ያመሳስላል ብላ ይህን በአጭሩ አለፈችው። ሰፋ አድርጋ የጻፈችው ስለ ባሊሻ ነው።

ያገባች የሲዳማ ሴት በባህሉ የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም አትናገርም። የአማቷ ስም በቡ የሚጀምር ከሆነ ቡናን ቡና ብላ መጥራት አትችልም። ሌላ ቃል ትጠቀማለች፤ ለዚሁ የተለዩ ቃላት አሉ። የመምህርቷ አያት እንዲህ ነበሩ። ሲዳማ አገር፣ ጓሯቸው ቡና፣ ጠዋት ማታ ጀበና ጥደው፣ አንድ ቀን እንኳ ቡና የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ሳትወጣ ኖሩ። አማታቸው ከሞቱም በኋላ አልጠሩትም። ከምባታዎችም ዘንድ ይህ ወግ አለ። በከተማ ግን እየቀረ ነው።

መምህርቷ ይህን ከፍልስፍና ጋር ያገናኘችበት መንገድ ግሩም ነው። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል ስም በሰው ላይ እንደተለጠፈ ምልክት ነው፤ ይጠቁማል እንጂ ትርጉም የለውም ብሎ ነበር። አሜሪካዊው ሶል ክሪፕኪ እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሪንስተን ላይ በሰጠው ትምህርት ይህንኑ መሠረታዊ ሐሳብ በአዲስ መልክ አጠናክሮ አቅርቦታል። እሺ፣ ይጠቁማል እንበል። ታዲያ የሚጠቁም ብቻ ከሆነ ድምፁ ቡና ላይ ሲደርስ ለምን ያስነውራል? ምልክቱ ሰውየውን ትቶ ወደ ሌላው መዝገበ ቃላት የሚፈሰው በምን ምክንያት ነው? ሚልና ክሪፕኪ ተሳስተዋል አላለችም። ስለ ስም የሚጽፍ ፈላስፋ አንድ ቀን ከአያቷ ጋር ቡና ቢጠጣ የሚጨምረው ምዕራፍ ነበረው ነው ያለችው።

መጨረሻ ላይ ስለ አፊኒ ጥቂት ጻፈች። የሲዳማ ሽማግሎች ሶንጎ (የሽማግሎች ሸንጎ) ሲቀመጡ ተናጋሪው አፊኒ እያለ ይጠይቃል፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ነገሩን ሁሉም ሳይሰማና ሳይመክርበት ወደ ፍርድ አይኬድም። የሚፈለገው ሃላሌ ነው፤ እውነት። እውነት እንዴት ይገኛል የሚለው ጥያቄ እንደ ፎክሎር ብቻ ሳይሆን እንደ ፍልስፍናም ይጠና ትላለች። በሙሉ ልቤ እስማማለሁ።

መልስ 18 እስከ 21

18 ላይ አንድ ሰው ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ለምን ይጻፋል ብሎ ጀመረ። 19 በስድብ መለሰ። 20 ባሰበት። 21 ላይ የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ሁለቱን ሰረዘ። ፊደል ለአንድ ቋንቋ ድምፆች ምን ያህል ይመቻል የሚለው ጥሩ የሊንጉስቲክስ ጥያቄ ነው። እዚያ ላይ ግን ስለ ድምፅ ያወራ ሰው አልነበረም።

መልስ 22፣ 23 እና 24

22 አዲስ በር ከፈተ። ፍሬገ፣ ካፕላን፣ ክሪፕኪ እያላችሁ ዘርዓ ያዕቆብን ረሳችሁት አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንፍራንዝ ተቀምጦ በግእዝ ሐተታውን የጻፈ የራሳችን ፈላስፋ እያለ ከፈረንጅ መጀመር ያሳፍራል አለ።

23 በአንድ አፍ አጣጣለው። ሐተታውን የጻፈው ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው፣ አንተም ተታለሃል ብሎ ደመደመ። አክሎም 22ን ያልተማረ ብሎ ሰደበው። ይህ ነውር ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ የተማረ ሰው አይሳደብም።

24 ላይ መልስ 3ን የጻፉት መምህር ተመልሰው ነገሩን አረጋጉት። የእጅ ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሰብሳቢው ለአንቷን ዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን መነኩሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ መነኩሴው ነው ብሎ ጻፈ። ክሎድ ሰምነር ደግሞ ሐተታው የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም በሊቃውንት መካከል አለ፤ ሁለቱም ወገን ከባድ ሰዎች አሉት። ስለዚህ 22ም ጉዳዩ እንዳለቀ አድርጎ ማቅረብ የለበትም፣ 23ም እንዲሁ።

ቀጥለው ያሉት ነው ለኔ ዋናው። ክርክሩ የሚካሄደው በምንድን ነው? በአብዛኛው በግእዙ። የቃላት ምርጫው፣ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር፣ ከመዝሙረ ዳዊት የሚጠቅስበት መንገድ፣ ይህ ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የዘመናት ግእዝ እንዴት እንደሚለያይ የማያውቅ ፈላስፋ ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ሲከራከር የሌሎችን ዳኝነት ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም። ግእዙን ብቻ የሚያውቅ ሰውም ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ ያመልጠዋል። 22 አመሰገነ። 23 ዝም አለ።

መልስ 25

ወደ እንጀራው የመለሰን ቋንቋ ተምሮ በዚሁ ሙያ የሚሠራ ሰው ነው። ለ2 ምላሽ መሆኑን ጠቅሶ ዝርዝር ሰጠ። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይፈልጋል። የመማሪያ መጻሕፍት በብዙ ቋንቋ ይዘጋጃሉ፤ መዝገበ ቃላትም ይሠራል። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን ደግሞ በ2022 ነው። ከዚህ ሥራ ጀርባ ቋንቋን መተንተን የሚችል ሰው ያስፈልጋል። እሱ ራሱ የሚኖረው ድምፅ በመቅዳትና ጽሑፍ በማረም ከሚያገኘው ነው። ክፍያው አንድ ወር ሞልቶ፣ አንድ ወር ይጎድላል ብሎ አልደበቀም። ስላልደበቀ ነው ያመንኩት።

መልስ 26

ይህ መልስ 8ን የጻፈችው ልጅ ሁለተኛ መልስ ነው፤ በተግባር የሚሠራ ዕቅድ ሰጠችን። ዲግሪው ሊንጉስቲክስ ይሁን። በቀጥታ ካልተገኘ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ትግባ። ምክንያቷ አሳማኝ ነው። ፍልስፍናን ከመጽሐፍና ከጥሩ ክርክር ብቻውን መጀመር ይቻላል፤ ድምፅ መቅዳት፣ መጻፍ፣ መተንተን ግን አጠገብሽ ቆሞ የሚያርምሽ መምህር ይፈልጋል። የምርጫ ኮርስ ሲመጣ ሎጂክ ነክ የሆነውን ትውሰድ፤ ሴት ቲዎሪ ቢያንስ መሠረቱን ትማር። የመመረቂያ ጽሑፏን ሁለቱ መስኮች በሚገናኙበት ርዕስ ላይ ትሥራ፤ 11 እና 17 እንዳሉት ዓይነት። ማስተርሱን ወደ ፍልስፍናው ማዞር ከፈለገች፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም የትምህርት ክፍሎች አሉት።

ሁለቱን እኩል ካልያዘች አይሆንም የሚል ሰው ካለ ይጻፍልኝ። እኔ ግን ይህን ዕቅድ ተቀብዬዋለሁ። መውጫ ፈተናውን አይነካም፣ ልጅቷንም አያስቀራትም።

መልስ 27

2 ላይ የጻፉት አባት ተመለሱ። አሁንም አካውንቲንግ ይሻላል ባይ ናቸው። ሆኖም የ17ን የአያት ታሪክ ለባለቤታቸው አንብበውላቸው፣ የእሳቸውም እናት እንዲሁ ይናገሩ እንደነበር ሰምተዋል። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አላወቅኩም ነበር ብለው ጽፈዋል።

መልስ 28

መምህሩ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ወሬው እዚህ ከሚቆም እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ቋንቋ በሩ አልከፈትልኝ አለ የሚለውን እንዴት እንደሚል ይጻፍ። ግሡን ከነትንታኔው፣ የማን እኔ እንደሆነ ጠቁሞ። ከእናትና ከአያት ጠይቆ ቢሆን ደግሞ የበለጠ። የማስተርሱ ተማሪ ለመሰብሰብና ለማስተካከል ፈቃደኛ ሆኗል።

መልስ 29 እና 30

29 የወላይትኛ፣ 30 የጌዴኦኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ልከዋል። 30 ከአባቱ ጋር በአንዱ ቅጥያ ላይ ስላልተስማሙ የሁለቱንም አነጋገር አስቀምጧል። የሲዳምኛውን የ17 መምህርት ሰኞ ታስገባለች። ሐዲይኛና ከምባትኛ የምትችሉ ሰዎች ከዚህ በታች ጻፉልን። ስትጽፉ የመጣችሁበትን አካባቢም ጥቀሱ፤ አነጋገሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ።